ዓሣ ያልያዘ ምንቃር

ውድ ሱንቮር፣

ትናንት ሚኪነስ ደሴት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ከአጎቴ ከሃኑስ ጋር ሉንዲ የሚባለውን ወፍ ልንይዝ ቁጭ ብለን ዋልን፤ እሱ ባለ ዘንግ መረቡን ይዞ፣ እኔ ጆንያውን። ደንባችንን ታውቂዋለሽ፤ በምንቃሩ ዓሣ የያዘ ወፍ ጫጩት ይጠብቀዋልና አይነካም። ድሮ ሃያውን አሳልፈን አንዱን ነበር የምንይዘው። ትናንት ግን ዓሣ የያዘ አንድም አላየንም፤ ሁሉም ከባሕር የሚመለሱት ባዶ አፋቸውን ነው።

«እንግዲያው ሁሉም ተፈቅዶልሃል፤ ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት ለቀልድ።

«ዝም በይ እስቲ» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም እንዲህ አለ፦ «እኛ ወፉን እንበላለን፣ ወፉ ትንንሾቹን ዓሦች፣ እነሱ ደግሞ ለዓይን የማይታዩትን የባሕር ነፍሳት። ከሥር ከጠፋ ከላይ ያለነው ምን ልንሆን ነው?»

እጁን አጠገባችን ባለው፣ ወፉ ለጎጆው በቆፈረው ጎሬ ውስጥ ሰደደና ጫጩት አወጣ። ሞቷል፤ ላባ ብቻ ነው፣ ክብደት የለውም። ቀስ አድርጎ መልሶ አስገባው።

እናንተ ጋ ወደቡ ዛሬም በዓሣ ሳጥን ተሞልቶ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ለልደቷ የለመደችውን ሉንዲ ይዤ እንደማልመጣም ንገሪያት። ሃኑስ መረቡን ከዘንጉ ፈትቶ፣ በግ እንዳይበላበት የድንች መደቡን አልብሶታል።

ያንቺዋ ማርዩን