ታናሽ እህቴን አጥብበው እኔን እንደ ስፋቴ ለመለሱኝ ሐኪም

ለተከበሩ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ እጅዎም የማይንቀጠቀጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምተዳደር፣ አንድ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ የምመዝን ሴት ነኝ። ባለፈው ዓመት ከታናሽ እህቴ ጋር በአንድ ቀን ለውፍረት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ተመዝግበን፣ እርሷን ተቀብለው እኔን ስለመለሱኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፣ እህቴን በሦስት ሳምንት ምርመራ ለቀዶ ሕክምና ሲያበቋት፣ እኔን ግን ልቤን፣ ሳንባዬን፣ እንቅልፌን ሳይቀር አስመርምረው፣ «እግርሽ ውስጥ የረጋ ደም አለ። አሁን ብናደነዝዝሽ ላትነቂ ትችያለሽ። ስድስት ወር መድኃኒት ውሰጂና እናያለን» ብለው በክኒን ስለሸኙኝ እጅ እነሣለሁ።

ሁለተኛ፣ እህቴ በስምንት ወር አርባ አንድ ኪሎ ቀንሳ ቀሚሶቿን ሁሉ እንዳጠብብላት ያመጣችው ለእኔ ነው። ጎን ጎኑን አስገብቼ ስሰፋ መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ የረገምኩት ግን መርፌውን አልነበረም። አንዲት ደንበኛዬም እኔን እያየች እህቴን «እናትሽ ናቸው?» ብላ ጠየቀቻት። ለዚህ ክብር ያበቁኝ እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ እህቴ ሦስት ማንኪያ ሾርባ ቀምሳ ተወችው። ያስመልሳታል፤ ጸጉሯም ይረግፋል። ይህን ሁሉ አስቀድመው ነግረዋት ነበር። ሰሃኔን ትክ ብላ አይታ፣ «እትዬ፣ ስትበዪ ሳይሽ እንዴት እንደምቀናብሽ!» አለችኝ። ዓመት ሙሉ ብቻዬን ይዤው የኖርኩትን ቅናት ነጠቀችኝ።

«ታዲያ ይቆጭሻል?» አልኳት።

«ኧረ አይቆጨኝም! ስኳሬ ወርዷል፤ ደረጃ ሳላርፍ እወጣለሁ። የሚቆጨኝማ አንቺ እዚያ አልጋ ላይ ተኝተሽ ሳትነሺ ብትቀሪ ነበር።»

ስለዚህ ውሳኔዎ ትክክል እንደነበር ለማመን ተገድጃለሁ። ከበደሎችዎ ሁሉ የከፋው ይኸው ነው።

የረጋው ደም ጠፍቷል ተብያለሁ። በቀጠሮዬ ቀን እመጣለሁ፤ ነገር ግን እንደ አምናው «መቼ ነው?» ብዬ አልቸኩልም። «ለእኔ ገላ ይሆናል ወይ?» ብዬ እጠይቅዎታለሁ፤ መልሱንም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ምርመራዎን በአክብሮት፣ እህቴን በጎሪጥ የምመለከት፣
ያልተቀነስኩት ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ ማለቴ የአነጋገር ልማድ ሆኖብኝ ነው። የመጠባበቂያ ክፍልዎ ወንበሮች በሙሉ ግራና ቀኝ የብረት መደገፊያ ስላላቸውና ስለማያስገቡን፣ ለውፍረት ሕክምና የመጣን ሰዎች ሦስት ሰዓት የምንጠብቀው ቆመን ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊያከሱን አስበው ከሆነ፣ ዘዴው በእርግጥ ምንም አደጋ የለውም።