በእኔ ስም «አዎ» የሚል እንዳይኖር

እኔ ሠርካለም አበጀ፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ፣ ነዋሪነቴ በሲያትል ሌክ ሲቲ የሆነ፣ ዛሬ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. አልጋዬ ላይ ተደግፌ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ አልደከመም። የሚጽፉልኝ አቶ አብዮት ናቸው፤ ሳያሳምሩ እንዲጽፉ ለምኛቸዋለሁ።

አንደኛ። የምኖርበት አፓርታማ የራሴ ነው። ባለቤቴ መንግሥቴ እስኪሞት ይኑርበት፤ ከዚያ በኋላ ከሟቹ ባሌ ከኪዳነ ወልድ ለወለድኋት ልጄ ለኖላዊት ይሁን። መንግሥቴን ማንም እንዳያስወጣው። መጥፎ ሰው አይደለም፤ እግሬ ባበጠ ቁጥር የሚያሸኝ እሱ ነው።

ሁለተኛ። ኦቴሎ ሰፈር ባለው ሱቄ ያሉት የስፌት መኪናዎቼ አብራኝ ለሠራችው ለሃሴት ይሰጡ። ከእኔ የተሻለ ትሰፋለች፤ ይህን ነግሬያት አላውቅም።

ሦስተኛ። ዋናው ይህ ነው። መንግሥቴ በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ሞርሞን የሚባለውን የአሜሪካኖች እምነት ተቀበለ፤ እኔም በአንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት እንዳይኖር ብዬ ተከተልሁት። በዚህ እምነት በቤተ መቅደስ የታተመ ጋብቻ ከሞት በኋላም ይጸናል። የሞተ ሰውም በሕያው ተወክሎ ይታተማል። የመንግሥቴ የፊት ሚስት ፀዲ የቄስ ልጅ ነበረች፤ ስለዚህ እምነት ሳትሰማ ሞታለች። እሷን ወክላ የምትንበረከክ ሴት ተፈለገች፤ እኔ ቅርብ ነበርሁ። ቤልቪው ባለው ቤተ መቅደስ የገዛ ባሌን እጅ ይዤ በፀዲ ስም «አዎ» አልሁ። ፀዲን የጠየቃት የለም። በወዲያኛው ዓለም ሆና እንቢ ማለት ትችላለች ብለውኛል፤ እንቢታዋን ሰምቶ መዝገቡን የሚሰርዘው ማን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። በዚህ ሥራዬ አፍራለሁ፤ ይቅርታዋን እለምናለሁ።

በሳምንቱ በራሴ ስም ከመንግሥቴ ጋር የምታተምበት ተራ ነበር። ራሴን አመመኝ አልሁ። ራስ ምታቱ አሥራ አራት ዓመት ቆየ።

በሥራ ቀን የጥርስ ሐኪም፣ እሑድ የሰፈራችን የሞርሞን ጳጳስ የሆነውን ሰው፣ በሚስት ላይ ሚስት ማግባት ቀርቷል አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በምድር ቀርቷል አለኝ። እኔስ ከኪዳነ ወልድም ከመንግሥቴም ጋር ልታተም እችላለሁ ወይ አልሁት። ሴት በሕይወት ሳለች ለአንድ ወንድ ብቻ ነው፣ ይህንንም የሚወስኑት በቤተ ክርስቲያኑ ከላይ ያሉት ወንድሞች ናቸው አለኝ። ከላይ ካሉት መካከል እኅት አለች ወይ ስለው ስለ ጥርሴ ጠየቀኝ።

ስለዚህ ስሞት ማንም ሴት በእኔ ስም ተንበርክካ «አዎ» እንዳትል፤ እንደ ባል ፈቃድ የሚጠየቀው መንግሥቴም እንዳይሰጥ። ኖላዊት «ማሚ፣ ሶ ዋት? ያኔ እኮ የለሽም» ብላኛለች። ያኔ ስለማልኖር ነው ዛሬ የምናገረው። መንግሥቴ ሊጠይቀኝ ከፈለገ ዛሬ አለሁ፤ ሳሎን ተቀምጧል፤ ይጠራ።

እኛ ምስክሮች የሚከተለውን አይተናል። አቶ መንግሥቴ ተጠርተው ገቡ፤ ጽሑፉ ተነበበላቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና «ሠርኬ፣ ለዘላለም ከእኔ ጋር ትሆኛለሽ?» ሲሉ ጠየቁ። ወይዘሮ ሠርካለም ይህን ሲጠየቁ የመጀመሪያቸው መሆኑን አስጻፉና «አልሆንም» አሉ። ቀጥለውም «እስክሞት ግን ከዚህ ክፍል አትውጣብኝ» አሉ። ይህም አራተኛ ሆኖ እንዲጻፍ አዘዙ።

ተናዛዥ፦ ሠርካለም አበጀ (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ አብዮት (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ወ/ሮ ሀዋ፣ አቶ ይርጉ (ፊርማ)
ፈቃድ ላለመስጠት ቃል የገቡ፦ አቶ መንግሥቴ (ፊርማ)፤ እስክሪብቷቸው ሳሎን ስለነበረ፣ ከክፍሉ እንዳይወጡ ሌላ ሰው አምጥቶላቸዋል።