የተቆለፈባቸው አርባ ታብሌቶችና አንዲት አንባቢ

ለተከበሩ የትምህርት ቴክኖሎጂ ዕቅድና ክትትል ቢሮ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ እንዲሁም በሦስተኛው ፎቅ ከእርስዎ ጋር ለሚደክሙት ባለሙያዎች ሁሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ለዓይንዎ ጤና ይስጥልኝ፤ ደብዳቤዬ ረዘም ይላል፣ ፊደሉም ደቃቅ ነው። እኔ በቢሮዎ ሥር ከሚተዳደሩት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ የማስተምር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠመኔ ብናኝ ስውጥ የኖርኩ መምህርት ነኝ። ባለፈው ሳምንት «ቴክኖሎጂን ከትምህርት ዕቅዷ ጋር በላቀ ሁኔታ ያዋሐደች» በሚል የምስክር ወረቀት ስለላኩልኝ፣ ምስጋናዬን በዝምታ ማለፍ ነውር መስሎ ታየኝ። ደብዳቤውን ለሁሉም ሰው ግልጽ ያደረግሁት፣ ከዚህ በፊት ለእርስዎ ብቻ የጻፍኩት ማመልከቻ ምን ዓይነት መልስ እንዳገኘ ስለማውቅ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ካነበበው ምናልባት ወሬው ለእርስዎም ይደርስ ይሆናል።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ የትምህርት ዕቅድ ቅጽ አመሰግናለሁ።

ድሮ ነገ የምናስተምረውን ዛሬ በደብተራችን ላይ በእጃችን እንጽፍ ነበር። አሁን ግን በእርስዎ ጥረት በኮምፒውተር እንሞላለን፤ ኮምፒውተሩም በርእሰ መምህሩ ክፍል ያለው አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ሠላሳ አንድ መምህራን ሰኞ ጠዋት በሰልፍ እንቆማለን። በዚሁ ሰልፍ ላይ የማላውቃቸውን ባልደረቦቼን ሁሉ ለማወቅ ስለበቃሁ ቅጹ ማኅበራዊ ጥቅም የለውም የሚል ካለ እከራከረዋለሁ። በዘጠነኛው ዓምድ ላይ «በክፍለ ጊዜው ቴክኖሎጂን ምን ያህል ይጠቀማሉ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ከሥሩ ሦስት ምርጫዎች አሉ፦ «በከፊል»፣ «በሙሉ» እና «በላቀ ሁኔታ»። «አልጠቀምም» የሚል የለም። ባዶ ትቶ ለማለፍ ለሞከረ ሰው ደግሞ ቀይ ጽሑፍ ይወጣና ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ስለ ቅጹ በተሰጠን የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ አንዷ ባልደረባዬ እጇን አውጥታ፣ ያልተጠቀመ ሰው ምን ይምረጥ ብላ ብትጠይቅ፣ ከቢሮዎ የመጡት አሠልጣኝ ፈገግ ብለው «እሱ እኮ አይታሰብም!» አሉን። እውነትም ያሰበው አልነበረም።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ ሥዕል ከስልኬ ላይ አይቼ በሰሌዳ ስለሣልኩ፣ እያፈርኩ «በከፊል» አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ደወል ተደውሎ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሲያጉረመርም ጊዜ «በሙሉ» አልኩ። በሦስተኛው፣ ከ«በላቀ ሁኔታ» በታች የመረጠ ሁሉ ምክንያቱን በሁለት ገጽ እንዲያብራራ መመሪያ ወረደ፤ እኔም ላቅሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው፤ ስወሰድ አልታወቀኝም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ አርባዎቹ ታብሌቶች አመሰግናለሁ።

በመጡ ዕለት ልጆቹ ፊታቸውን ታጥበው፣ ፎቶግራፉ እስኪነሣ ድረስ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ይዘው ቆመው ነበር፤ ፎቶው ካለቀ በኋላ ከየእጃቸው ተለቀሙ። ከዕቃዎቹ ጋር «አንድ ስክሪን ቢሰነጠቅ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በግል ይጠየቃል» የሚል ደብዳቤም አብሮ ስለደረሰ፣ እኛ ጋሽ ቁልፉ የምንላቸው የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በብረት ቁም ሳጥን ከተው ቆለፉባቸው። እሳቸውን አልወቅስም። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይላሉ፣ ቁልፉን ከአንገታቸው ላይ እያሻሹ። ዘወትር ዓርብ ከሰዓት ሁሉንም አውጥተው ቻርጅ ያደርጓቸዋል፣ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውሏቸዋል፣ ቆጥረው ይመልሷቸዋል። በትምህርት ቤታችን እንደ ታብሌቶቹ በየሳምንቱ የሚታጠብ፣ ጠግቦ የሚያድር፣ ሰውነቱ ላይ ጭረት የሌለው ተማሪ የለንም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ከሁለቱ ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

በክፍሌ ካሉት ኀምሳ አራት ልጆች መካከል አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ዓይኗ ከተወለደች ጀምሮ ደካማ ነው፤ ሐኪሙ መነጽር እንደማይረዳት፣ የሚረዳት ፊደሉን ማተለቅ ብቻ እንደሆነ ለእናቷ ነግሯታል። የመማሪያ መጽሐፋችን ፊደል እንደሚያውቁት ጤፍ ያህላል። ስለዚህ ልጅቷ አፍንጫዋን ከገጹ ላይ ለጥፋ፣ አንዷን ቃል ይዛ ሌላዋን እየጣለች ስትዳክር ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ልጆቹም አያርፉምና «አሽታች» የሚል ስም አወጡላት፤ መጽሐፍ የምታነበው በማሽተት ነው ብለው። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ የሐኪሙን ቃል ከእናቷ እስክሰማ፣ አራት ወር ሙሉ ሰነፍ ትመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ቁልፉን ጥግ ይዤ ለመንኳቸው። ግራና ቀኝ አይተው «እኔ አላየሁም፣ አንቺም አልወሰድሽም» ብለው አንዱን ታብሌት በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። በዚያን ዕለት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት መምህርነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴክኖሎጂ ያለበት ትምህርት አቀድኩ፤ ያቀድኩትም በድሮው ደብተሬ ላይ፣ በእስክሪፕቶ ነው። በእርስዎ ቅጽ ላይ አልሞላሁትም፤ እዚያ ላይ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ «በላቀ ሁኔታ» ስል ስለነበር፣ እውነቱ ሲመጣ የሚቀመጥበት ቦታ አልተረፈለትም።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ትምህርቱ ስለ ቅጠል ነው። ልጆቹ በቡድን ሆነው ከአጥሩ ሥር አንድ አንድ ቅጠል ያመጣሉ፤ እሷ የቅጠሉን ጀርባ በታብሌቱ ፎቶ ታነሣና በጣቶቿ እየለጠጠች ታሰፋዋለች፤ በቅጠሉ ላይ ያየችውን የጅማት መረብ ትናገራለች፤ ሌሎቹ የተናገረችው ልክ መሆኑን በዓይናቸውና በጣታቸው ቅጠላቸው ላይ ያረጋግጣሉ። አንድ ታብሌት ለኀምሳ አራት ልጅ በቃ። ከዚያ የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንሥታ፣ አሳድጋ ታነባለች። በአራተኛው ቀን ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ አንገቷን ሳትደፋ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ጮክ ብላ አነበበች። ያንን ስም ያወጣላት ቀልደኛው ልጅ ከኋላ ሆኖ «እንዴ! ይቺ ልጅ ከሁላችንም ትበልጣለች እኮ!» አለ፤ ከዚያ ወዲያ «አሽታች» ያላት አልሰማሁም።

እንዲህ ያሉ ዘጠኝ ቀኖች ነበሩን። በዘጠነኛው ቀን ቢሮዎ ንብረት ቆጣሪዎች እንደሚልክ አስታወቀ። ጋሽ ቁልፉ የክፍሌ በር ላይ ቆመው፣ ዓይኔን ማየት አቅቷቸው «እህቴ፣ ቁጥሩ አርባ መሆን አለበት፤ እኔ ልጆች አሉኝ» አሉኝ። ታብሌቱን ከልጅቷ እጅ መቀበል ለእኔም ለእሳቸውም ከበደን። ነገሩ የገባት እሷ ነበረች፤ መስተዋቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠራርጋ፣ በሁለት እጇ ይዛ «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብላ ሰጠቻቸው። ቆጣሪዎቹ መጥተው አርባውንም ቆጥረው፣ በንጽሕናቸው ተደንቀው ሄዱ።

በማግስቱ አንዱ ታብሌት ብቻ ለአንዲት ማየት ለሚያስቸግራት ተማሪ እንዲፈቀድ ማመልከቻ ጻፍኩ። መልስዎ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ስለደረሰኝ ለፍጥነቱ አመሰግናለሁ። እንዲህ ይላል፦ «አመልካቿ ራሳቸው ፈርመው ባስገቧቸው አንድ መቶ አሥራ ሁለት የትምህርት ዕቅዶች መሠረት፣ ታብሌቶቹ በየዕለቱ ለሁሉም ተማሪዎች በላቀ ሁኔታ አገልግሎት እየሰጡ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ለአንዲት ተማሪ ተለይቶ የሚፈቀድ ነገር አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። አንድም የሚነቀፍ ቃል የለበትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከዘጠነኛው ዓምድ የወጣው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰልኝ። ሐሰት ነው ብዬ እንዳልጮኽ የሠላሳ አንድ መምህራን ፊርማ አብሮ ይወድቃል፤ ርእሰ መምህሩ አሉ፣ ልጆች ያሏቸው ጋሽ ቁልፉ አሉ። እንዲህ እንዲያ እያልኩ ምክንያት ስደረድር ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ሰው ለፍርሃቱ ስም አያጣለትም።

በሦስተኛው ሳምንት ማለቂያ ላይ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና መጣ። ወረቀቱ ቢሮዎ ለቁጠባ ሲል አራቱን ገጽ በሁለት ገጽ ያሳተመው ነው። ጥያቄውን ላንብብልሽ ስላት ፈታኙ መመሪያው አይፈቅድም አሉኝ፤ ትክክል ነበሩ። ልጅቷ ሁለት ሰዓት ሙሉ በወረቀቱ ላይ አቀርቅራ ቆየች። ስትነሣ ግንባሯ ላይ ቀለም ነበረበት። ወረቀቷ ላይ የነበረው ስሟ ብቻ ነው፤ በትልቁ የተጻፈ።

አራተኛ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ከዚህ በኋላ የሚቆጠር ነገር የለኝም።

ልጅቷ ትምህርት አቁማለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በአንዲት መኪና ትሠራለች። ልጅቷ ከአጠገቧ በአነስተኛ በርጩማ ተቀምጣ ቁልፎችን፣ ማለቴ የሸሚዝ ቁልፎችን፣ በዳሰሳ በየመጠናቸው ትለያለች። ፈጣን ናት። እናትየው መርፌዋን ሳታቆም፣ ያለ ቁጣ፣ እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ ልጄ ሰነፍ አለመሆኗን ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው። ማታ ማታ እየመጣች ያነበበችውን ሁሉ በቃሏ ትወጣልኝ ነበር። ምነው ባላየሁት ኖሮ! አሁን ያንን እያወቅሁ ነው እዚህ የማስቀምጣት።» በእጄ የነበረውን አንድ ዕድል በገዛ ፊርማዬ ዘግቼባታለሁና ምን እላታለሁ?

እንግዲህ ክቡርነትዎ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ይወቁልኝ፦ አንድ መቶ አሥራ ሁለቱም ዕቅዶቼ ዓይን ያወጡ ውሸቶች ናቸው። ታብሌቶቹ በክፍሌ ውስጥ «በላቀ ሁኔታ» ቀርቶ በምንም ሁኔታ ሥራ ላይ አልዋሉም፤ የዋለው አንዱ ብቻ ነው፣ የዋለውም ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው፣ እነዚያን ዘጠኝ ቀኖች ግን በየትኛውም መዝገብዎ አያገኟቸውም። ቅጣት ካለ ለእኔ ይሁን፤ ጋሽ ቁልፉ የታዘዙትን ከመፈጸም በቀር ያጠፉት የለም። የምለምንዎ አንድ ታብሌት ነው። የመጪው ዓመት ምዝገባ የሚዘጋው ዓርብ ነው፤ እናትየው ታብሌቱ ከመጣ ልጇን ይዛ እንደምትመጣ፣ ካልመጣ ግን ዳግመኛ አፍንጫዋን መጽሐፍ ላይ ለጥፋ እንድትሳቅባት እንደማትልካት ቁርጡን ነግራኛለች። ጊዜ ከተረፈዎ በዘጠነኛው ዓምድ ላይም «አልተጠቀምንም» የሚል አራተኛ ምርጫ ቢጨመርልን፣ ብዙዎቻችን ወደ ሰውነት የምንመለስበት በር ይሆነን ነበር።

የእርስዎን ውድ ጊዜ በአንዲት ልጅ ጉዳይ ስላጠፋሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ቢሮዎ እንደ ቁም ሳጥናችን ዘወትር የጸዳና የተቆለፈ እንዲሆን፣ ቁጥሩም ምንጊዜም አርባ እንዲሞላ በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት፣
በመዝገብዎ ላይ የላቀች

ማስታወሻ፦ የላኩልኝን የምስክር ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ስለ መልኩ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የሚባለው ጥቂት ስለነበረ ይሆናል፣ ፊደሉ ሁሉ አውራ ጣት ያህላል። ልጅቷን ልጠይቅ ወደ ሱቁ በረንዳ በሄድኩበት ቀን ከቦርሳዬ ጫፉ ወጥቶ አየችው። ተቀበለችኝና፣ አፍንጫዋን ሳታስጠጋ፣ ክንዷን ዘርግታ ይዛ፣ ከላይ እስከ ታች ያለ ማንም እርዳታ አነበበችው፤ «በላቀ ሁኔታ» የሚለውን ሳይቀር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ቲቸር፣ እነሱ እንዲህ አተልቀው መጻፍ ይችላሉ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን እነሆ ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ።