የዳንግላው ሬዲዮ ጠጋኝ የአቶ ዓባይነህ መሳፍንት የሕይወት ታሪክ

አቶ ዓባይነህ ከአባታቸው ከአቶ መሳፍንት ውቤና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደጊቱ አየነው በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው፤ አማርኛ የለመዱት ዳንግላ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ የሬዲዮ ጥገና ሙያ ተምረው በዚያው በዳንግላ ገበያ አጠገብ ሱቅ ከፈቱ።

ጦርነቱ እየቀረበ በመጣበት በ1982 ዓ.ም. አንድ የማያውቁት ሰው «ድምፁ ይቆራረጣል» ብሎ ሬዲዮ ሰጥቷቸው ሄደ። ገና ሳይከፍቱት ወታደሮች ገቡ። ሬዲዮው ሲፈታ ውስጡ የመልእክት ማስተላለፊያ ተገኘ።

«የማን ነው?»

«የደንበኛ ነው።»

«ስሙ ማን ነው?»

«አልጠየቅሁትም።»

በዚህ መልስ ምክንያት ሰላይ ተባሉ። ከሌሎች እስረኞች ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ ሲወሰዱ መኪናው ጥሊሊ አጠገብ ጭቃ ያዘው። እስረኞቹ ወርደው እንዲገፉ ሲታዘዙ አቶ ዓባይነህ በጉም ተሸፍነው አመለጡ። የጥሊሊው ባለሱቅ አቶ ከቢርና ባለቤታቸው ወ/ሮ ከዲጃ ሃይማኖት ሳይለዩ፣ ዘር ሳይጠይቁ ከእህል ጆንያ ጀርባ ሸሸጓቸው። ከነጋዴዎች ጋር ወደ ወለጋ ሊያሻግሯቸው ተዘጋጅተው ሳለ ግን፣ የአቶ ዓባይነህ ታናሽ ወንድም አበረ በእሳቸው ምትክ መታሰሩ ተሰማ።

አቶ ከቢር «እሱን ውሎ አድሮ ይለቁታል፣ አንተን ግን ይገድሉሃል፤ አትሂድ» ብለው ለመኗቸው።

«አበረን አስይዤ የት ልድረስ?» አሉና ዳንግላ ተመልሰው እጃቸውን ሰጡ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አባት የሆነው አበረ ተፈታ፤ እሳቸው መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ በእስር ቆዩ።

በ1983 ዓ.ም. ቢፈቱም ስማቸው አልተፈታም። ሱቃቸውን ቢከፍቱም ሰው ሬዲዮውን ወደ ሌላ ሠሪ ይወስድ ነበር። ይበልጥ የጎዳቸው ግን የእናታቸው ነገር ነው። ወ/ሮ ደጊቱ በገበያ መካከል «የሰላይ እናት» ከተባሉ ወዲህ አዲስ ቅዳም መውጣት ትተው ነበር። ወ/ሮ ማናለብሽ ታከለ በ1985 ዓ.ም. አቶ ዓባይነህን ያገቡት ዘመዶቻቸው እያኮረፉ ነው። አብረውም ሃናንና መሳፍንትን አፍርተዋል።

በ1990 ዓ.ም. አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሱቃቸው ደጃፍ ቆሞ «ያንን ሬዲዮ የተውኩብዎ እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አላቸው።

አቶ ዓባይነህ የሱቃቸውን በር ዘጉ። ከዚያም «ለእኔ አይደለም፤ ለእናቴ ንገራት» አሉትና ይዘውት ወደ መንደራቸው ሄዱ። እናታቸው አማርኛ ስለማይሰሙ ቃሉን የሚያስተረጉም አስፈለገ። አቶ ዓባይነህ ግን «እኔ ካስተረጎምኩት የእኔ ቃል ይሆናል» ብለው ጎረቤታቸውን ወ/ሮ አምሳለን አስጠሩ። ሌላው ጎረቤትም ተሰበሰበ።

ሰውየው «ልጅዎ ምንም አያውቅም ነበር። ወታደሮች ሲከተሉኝ ራሴን ለማዳን በእሱ ላይ ጣልኩት» አለ።

ወ/ሮ ደጊቱ «እናትህ አለች?» ብለው አስጠየቁት።

«እኔ በረሃ ሳለሁ አረፈች።»

ወ/ሮ ደጊቱ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። «ውሃ ስጡት» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላቸውን አጣፍተው ገበያ ወጡ።

አቶ ዓባይነህ በኋለኛው ዘመናቸው እንጅባራ ከልጃቸው ከሃና ጋር ኖረዋል። አንድ ቀን ሃና ያለ ጥፋቱ ሰላይ ተብሎ ስለሚታደን ሰው የሚተርክ የድሮ የጦርነት ፊልም አሳየቻቸው። እስከ መጨረሻው በጥሞና ተመለከቱና «ጥሩ ነው። ግን ሰውየው ይህን ያህል ሲሮጥ እናቱን አንዴም አላሳዩም» አሉ።

አቶ ዓባይነህ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን አበረንና የልጅ ልጃቸውን ምሕረትን ትተው ሄደዋል። ከጥሊሊ የመጡት የአቶ ከቢር ልጅ አቶ መርዋንም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ለሐዘን ተቀምጠዋል።

ልብን የሚያይ፣ ለመፍረድ የሰው ምስክር የማይሻ አምላክ የወንድማችንን ነፍስ በቅዱሳኑ ማደሪያ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ያድለን። አሜን።