ጥቁሬን አውልቄ አሥመራ የሄድኩ ጊዜ

ዓርብ

ጥቁሬን ያወለቅኩት ቦሌ፣ አውሮፕላን ጣቢያው ሽንት ቤት ውስጥ ነው። ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ጥቁሩን ሻንጣው ሥር ከተትኩት። እናቴ ታውቃለች፣ ተማክረንበታል። የጓደኛዬ የለተብርሃን እናት አደይ ለምለም ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ ደጀኔ ከጠየቁኝ «ደህና ነው» ልላቸው ነው። ምን ልበል ታዲያ? ደጀኔ ናቅፋ ግንባር ሞተ፣ የእርስዎ ልጅ ሳባ ደግሞ ከወዲያኛው ወገን ናት ልበላቸው?

ሳባ በረሃ መውጣቷን ወሬ ነው የነገረኝ። እህቷ ለተብርሃን በደብዳቤ ስለ ሁሉ ነገር ትጽፋለች፣ ስለ ሳባ ግን ትንፍሽ አትልም። ደብዳቤ ስንት ሰው እጅ እንደሚገባ እናውቃለን። እኔም በአካል መጣሁ። አንድ ነገር ብቻ ሰምቼ ልመለስ፦ በሕይወት አለች ወይስ የለችም?

መሥሪያ ቤት የይለፍ ወረቀት የጠየቅኩት ግን ለሽርሽር ብዬ ነው። ጓደኛ ልጠይቅ፣ ሙዚየም ልይ፣ ሙዚቃ ልስማ። አለቃዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በዚህ ጊዜ? አሥመራ? ለሽርሽር?» ይሳቅ!

ለተብርሃን ፌርማታው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታለች። «አስኩ፣ ዛሬም አፍሽ አላረፈም?» አለችኝ ገና ስትስመኝ። እሷም አላረፈችም፣ ጎሽ።

ሰፈራቸው ዓባ ሻውል ያው ነው፣ ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ። አባቴ እዚህ ወታደር ሳለ ከእነሱ ቤት አጠገብ ተከራይተን ነው ያደግነው። አደይ ለምለም «እንቋዕ ብደሓን መጻእኪ ጓለይ» ብለው አቀፉኝ። ትከሻቸው ላይ ሆኜ ዓይኔ ሥራውን ይሠራል። ቀሚሳቸው ነጭ፣ ነጠላቸው ነጭ፣ ሻሻቸው ነጭ። ጥቁር የለም። ተመስገን! ሳባ አለች።

ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ወደ ቀበሌ። እንግዳ የሚያሳድር ሳይመሽ ማስመዝገብ አለበት። ጸሐፊው መታወቂያዬን አገላብጦ «አዲስ አበባ ሳባን የምታኖራት አንቺ ነሽ? ምነው ሳታመጫት?» አለኝ። ለተብርሃን ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ጤና ይስጠውና አፌ ፈጣን ነው። «ሥራ ገና ጀምራ ፈቃድ ማን ይሰጣታል!» አልኩት። ጻፈ።

ስንወጣ «ይቅር በይኝ፣ ሌላ የምንለው ጠፋን» አለች ለተብርሃን። እኔ ሳላውቅ ሳባ እኔ ቤት ከተቀመጠች ሁለት ዓመቷ ነው!

«ደህና ናት ግን?»

«እወ፣ ደህና ናት» አለች መሬት መሬት እያየች።

እራት ላይ አደይ ለምለም ጠየቁኝ። «ያ ቀውላላስ፣ ደጀኔ?»

«ደህና ነው፣ አደይ።»

ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ቆይተው አዩኝና ውሃ ቀዱልኝ። ሌላ አልጠየቁም።

ቅዳሜ

ሽርሽር ካልኩ አይቀር ብዬ ለተብርሃንን ጎትቼ አወጣኋት። ማኪያቶ ቆመን ጠጣን። በዋናው ጎዳና ዘንባባዎቹ ሥር ተንሸራሸርን። ሰው ለብሶ ጫማውን አስጠርጎ ይሄዳል። ጥግ ጥጉ ላይ ወታደር ባይቆም ጦርነት ያለበት አገር አይመስልም።

ሙዚየም ገባን። ተማሪ ሳለን ሳባ ድንጋዩ አንበሳ ፊት ቆማ እንደ አንበሳ ስታገሣ ሦስታችንንም አባረውናል። አንበሳው አለ። እኔም ትንሽ አገሣሁለት። ለተብርሃን አልሳቀችም። ጥንት መቃብር ውስጥ የተገኘ ዶቃና ማበጠሪያ በመስታወት ተከድኖ ነበር፣ እዚያ ተገትራ ቀረች።

«እነዚህስ መቃብር ነበራቸው» አለች።

እኔ ምን አልኳት? «አንቺ ሴትዮ፣ በሽርሽር ቀን መቃብር ታወሪያለሽ?»

ከቀትር በኋላ ሆቴል ሙዚቃ ነበር። ሰዓት እላፊ ስላለ እዚህ የሚጨፈረው በጠራራ ፀሐይ ነው። መጋረጃ ዘግተው ማታ ያስመስላሉ፣ ብርሃኑ በቀዳዳ እየገባ የሰዉን ፊት ያሳብቃል። መኮንኖቹ በአንድ ወገን፣ የከተማው ሰው በሌላ ወገን። ሳክስፎን የሚነፋው ልጅ ግን፣ ወይ ጉድ! ሆዴን ነው የነፋው። ዓመት ሙሉ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም፣ የደጀኔ ሐዘን አለብኛ።

የትግርኛ ዘፈን ሲጀመር ሰው ክብ ሠርቶ ተነሣ። ለተብርሃንን እጇን ይዤ አስነሣኋት። እምቢ አለች፣ ግድ አልኳት። ሁለት ዙር ዞረች፣ ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ፊቷ ረጠበ።

«ምነው?»

«ላብ ነው፣ ሞቀኝ» አለች።

ስንመለስ ከመንደሩ አፍ ድንኳን እየተተከለ ነበር። አቦይ ወልዱ የሚባሉ ግንበኛ ሞተዋል፣ የልጅ ልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌ። ነገ ቀብራቸው ነው። በልጅነታችን ኖራ የነካ እጃቸውን እያሳዩ ያስፈራሩን ነበር። ነፍስ ይማር። ሽርሽሬ በለቅሶ ሊያልቅ ነው፣ የኔ ነገር!

እሁድ

ሐዘንተኛ ጎትቼ አስጨፈርኩ።

ልጻፈው።

ከቀብር መልስ ድንኳን ገባን። አደይ ለምለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሀል ገቡና ጮኹ። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። በትግርኛ ነው የሚያለቅሱት። ያ ሹሩባ በየትኛው አሸዋ ላይ ተበተነ ይላሉ። ማን አለበሰሽ፣ ማን ዓይንሽን ከደነ ይላሉ። ሃያ ሳይሞላሽ ይላሉ።

አቦይ ወልዱ መላጣ ነበሩ። ዓይናቸውን የከደኑላቸው ልጆቻቸው ናቸው፣ አልጋቸው ላይ።

ዙሪያውን አየሁ። የገረማት ሴት የለችም። ይቀበላሉ፣ ደረት ይመታሉ። የሟቹ ባለቤት ራሷ ከቦታዋ ተነሥታ አደይ ለምለምን በወገባቸው ይዛለች። ባሏን ትታ ለሳባ ታለቅሳለች! የቀበሌው ጸሐፊ በር ላይ ተቀምጦ ሻሂውን ይጠጣል። ትግርኛ አይሰማም፣ ለእሱ የአቦይ ወልዱ ለቅሶ ነው። መንደሩ በሙሉ ያውቃል፣ እሱና እኔ ብቻ ነበርን የማናውቀው።

ለተብርሃን ጆሮዬ ላይ ተጠጋች። «ክረምት ላይ ነው የሰማነው። ጥቁር ብንለብስ ለማን ነው ይሉናል። አንቺ ዘንድ ናት ብለናል። ሌላ ሰው ሲሞት ብቻ ነው እማማ የምታለቅሰው። አንቺ ደግሞ ደስ ብሎሽ መጣሽ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ጥቁሬን ሻንጣ ውስጥ ደብቄ የመጣሁ ሴት፣ ሰው ጥቁር ስላልለበሰ ሐዘን የለበትም ብዬ አመንኩ። ከኔ በላይ ማን ሊያውቅ ይገባው ነበር?

ከዚያ በኋላ እኔም አልቻልኩም። ስም አልጠራሁም፣ ያን ያህል ልብ ነበረኝ። እንደነሱ በትግርኛ ቀውላላዬ አልኩ። አልጋ የሚያጥርህ፣ ጫማ የማይበቃህ አልኩ። አቦይ ወልዱ ከኔ ያጥሩ ነበር።

አደይ ለምለም ሙሿቸውን አቋረጡ። ዞረው አዩኝ። ሴቶቹን እየገፉ መጥተው ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እሱም?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ራሴን ዝቅ አድርጌ አዎ አልኩ።

ገና ዓርብ፣ ጉርሻው ሲያንቀኝ ጠርጥረው ነበር መሰለኝ። ግንባሬን በግንባራቸው ገጭተው እንደገና ጀመሩ፣ አሁን ለደጀኔ። ብስክሌቱን አነሡ። ሳባን ከኋላ አፈናጦ ቁልቁለቱን ሲለቀው፣ ሁለቱም ሲጮኹ፣ እሳቸው ጫማ ይዘው ሲያባርሯቸው። ደጀኔን የመታው ጥይት ከነሳባ ወገን ነው። ሳባን የመታትም ከነደጀኔ። በአንድ ብስክሌት ያደጉ ልጆች! እርግማን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ጸሐፊው ብርጭቆውን አስቀምጦ «ሽማግሌው በጣም ይወደዱ ነበር ማለት ነው» አለ አጠገቡ ላለው ሰው።

ሰኞ

ፈቃዴ ዛሬ ያበቃል። ሌሊቱን ከለተብርሃን ጋር በአንድ አልጋ ተኛን። ስለ ቅዳሜው ጭፈራ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አፌን በእጇ ከደነችው። «እሷም እኮ ትወድ ነበር» አለች።

ጠዋት ጸሐፊው መሄዴን ሊመዘግብ በር ድረስ መጣ። ጎረቤቶቹም ወጥተዋል። አደይ ለምለም ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ለሳባ ሰላም በይልኝ። የአዲስ አበባ ብርድ ከባድ ነው፣ ትልበስ።»

«እሺ፣ አደይ።»

«ለደጀኔም።»

«እነግራቸዋለሁ፣ አደይ።»

ዞሬ አላየሁም። ባይ ኖሮ ያ ሁሉ ውሸት እዚያው ይፈርስ ነበር።

አሁን ቤት ነኝ። ቦሌ ስደርስ እዚያው ሽንት ቤት ገብቼ ጥቁሬን መልሼ ለበስኩ። እናቴ «እንዴት ናቸው?» አለችኝ፣ ነገርኳት። «ያቺ አንበሳ» አለች፣ ሳባን ማለቷ ነው፣ ከዚያም ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

የደጀኔ ሙት ዓመት በሚመጣው ወር ነው። ያን ቀን ጥቁራችንን እናወልቃለን ተባብለን ነበር። እናቴ ታውልቅ፣ ደክሟታል። የሳባ ዓመት የሚሞላው ክረምት ላይ ነው። እኔ እስከዚያ እለብሳለሁ። ሰው አበዛችው ይላል፣ አለቃዬም ያጉረመርማል። ለማን ነው ለሚለኝ፣ ለወንድሜ ነው እላለሁ።