የአቶ ሰውአገኝ ወልደኢየሱስ ሕይወትና ግራ ያጋባን ሥራቸው

ወንድማችን አቶ ሰውአገኝ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደኢየሱስ ገብረ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ የትነበርሽ ማሩ በ1974 ዓ.ም. በኮሶዬ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው፣ ዘመናዊውን ትምህርት በጎንደር ከተማ ተከታተሉ። በ1997 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀው በአንድ የግል ሆስፒታል የዳታቤዝ ባለሙያ ሆኑ።

ይህን ሥራ ቤተሰቡ በቅጡ ተረድቶት አያውቅም። አባታችን፣ «ምነው ልጄ፣ ምን ስትሠራ ነው የምትውል?» ቢሏቸው፣ «የሕሙማን መረጃ ካለበት ገብቶ ማን ያያል፣ ማን ይጽፋል፣ ማን ይሰርዛል የሚለውን ፈቃድ እሰጣለሁ፤ እነሣለሁ» አሉ። አባታችንም፣ «እንግዲያ ዘበኛ ነህ። ሸጋ ነው» አሉ። ለኮሶዬ ሰውም እንዲሁ ነገሩ። እኔ እህታቸውም የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

በ2006 ዓ.ም. የአንዲት ወላድ የደም ዓይነት ኮምፒውተሩ ላይ ተለውጦ ተገኘ። ደሙ ሳይሰጣት ቢደረስበትም፣ ጥፋቱ በተረኛዋ ነርስ በሲስተር ታየች ቢሻው ላይ ተላከከ። ወንድማችን በስብሰባው ተነሥተው፣ «የክፍሉ ሰው ሁሉ የሚገባው በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ነው። ማን እንደለወጠው እኔም አላውቅም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም» አሉ። ሲስተር ታየች ከመባረር ዳኑ። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን መግቢያ ከፈቱ፤ ሥራው ከሚጠይቀው በላይ ፈቃድ ግን ለማንም አልሰጡም።

በ2008 ዓ.ም. ከሲስተር ታየች ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ዝማሬንና ሶሊያናን ወለዱ። ባለቤታቸው ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወሩ፣ የቀድሞውን ክፍል መረጃ የማየት ፈቃዳቸውን በዚያው ቀን አነሡባቸው። ሲስተር ታየች አኮረፉ፤ እኛም ማንን እንደምናስታርቅ ጠፋን።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. በጉበት ሕመም በዚያው ሆስፒታል ተኙ። ወዲያው ባልደረባቸውን አቶ ሸዋአየሁን አስጠርተው የራሳቸውን መግቢያ እንዲዘጉባቸው አዘዙ። አቶ ሸዋአየሁ፣ «ምነው አያ ሰውአገኝ፣ ድነው ይመለሱ የለ?» አሏቸው።

«አሁን የእኔም ስም ከሕሙማኑ ጋር ነው» አሉ። «የፈራ ሰው የራሱን የምርመራ ውጤት መለወጥ የሚችል መሆን የለበትም።»

እናታችን ከሥራ የተባረሩ መስሏቸው አለቀሱ። እኔ ግን ወንድሜ መፍራታቸውን ያን ቀን ሰማሁ፤ ከዚያ በፊት ፈርተው አያውቁም ነበር። እጃቸውን ያዝኩ።

አቶ ሰውአገኝ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኔ እህታቸው አለን። የምሕረት አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውም አባት ይሁንልን። አሜን።