ክኒን የምትውጠው መምህርት ለኮሚቴው ሊቀ መንበር

ለክቡር አራፕ ማሪቲም፣ ለትምህርት ቤታችን ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እንቅልፍዎ የተመቸ፣ ማለዳዎ የቀለለ፣ የሚቀምሱትም እህል ጣዕም ያለው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ሦስቱንም የምመኝልዎ ለወግ አይደለም፤ ከእኔ ተለይተው ሰባት ወር ስለቆዩ ዋጋቸውን አውቃለሁ።

እኔ ከሻይ እርሻው በላይ ባለው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን ሳስተምር የነበርሁት ቼላንጋት ነኝ። ባለፈው ሳምንት የክኒን ማሸጊያ ከቦርሳዬ ወድቆ ቢገኝ፣ «የአእምሮ መድኃኒት የምትወስድ ሰው በሕፃናት ፊት ልትቆም አይገባትም» ብለው ወደ መጻሕፍት መጋዘን አዛውረውኛል። መጋዘኑ ጸጥ ያለ ነው፤ አይጦቹም ስለ ጤናዬ አይጠይቁኝም። ለዚህ አመሰግናለሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎም ውሳኔዎ በወላጆች ስብሰባ ፊት ስለተነበበ፣ ጨዋነትዎን ልከተል ብዬ ነው።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ ወንድሜ ነው። ኪፕሊሞ ስድስተኛ ክፍልን ያስተምር ነበር፤ ክፍሎቻችንን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ባለፈው ዓመት ምግብ አልወርድልህ፣ ደብተር ማረምም አልሆንልህ ሲለው፣ ቢሮዎ አስጠርተው «ወንድ አይደለህ? ራስህን ሰብስብ» ብለው መከሩት። ምክርዎን አክብሮ ሦስት ሳምንት የተሰበሰበ መሰለ። ቅዳሜ ማታ «ተሻለህ?» ብዬ ብጠይቀው «ደህና ነኝ እህቴ፣ ይልቅ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ» አለኝ። ጠጣሁ። በማግሥቱ ከቤት ወጣ፤ በሕይወት አልተመለሰም። በቀብሩ ላይ ስለ ትጋቱ ያደረጉት ንግግር እጅግ ረጅም ነበር፤ በሕይወት ሳለ ግማሹን ያህል ቢሰሙት ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው ስለ ወንበሩ ነው። ምትክ መምህር እስኪመጣ የወንድሜ ክፍል ተቆለፈ። እኔ ግን ትምህርት ሲጨርስ ወንበሩን እንደሚጎትተው ሁሉ፣ ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲጎተት እሰማ ጀመር። ዓረፍተ ነገሬን መካከል ላይ ትቼ ዝም እላለሁ። ሕፃናቱም አብረውኝ ዝም ይላሉ፤ ከኮሚቴው የበለጠ ትዕግሥት ነበራቸው። ቀስ በቀስ ጎህ ሳይቀድ መንቃት፣ ሳይርበኝ መዋል፣ ጠመኔ ማንሳትም እንደ ድንጋይ መክበድ ያዘኝ። በመጨረሻ ወደ ጤና ጣቢያው ወረድሁ።

የጤና መኮንኗ ጄሮቲች በቀጥታ «መሞት ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

«አልፈልግም፤ መንቃት ነው ያስጠላኝ» አልኋት። ስለ ወንበሩም ነገርኋት። አልሳቀችም።

«ሲጎተት ምን ትያለሽ?»

«መጣ እላለሁ።»

ብዙ ጠየቀችኝና መካከለኛ ድባቴ መሆኑን ነገረችኝ። ስም ያለው ነገር መሆኑን ስሰማ ማልቀስ ቻልሁ።

ሦስተኛው እርስዎ «ስካር» ስላሉት ሕክምና ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ እንክብል እውጣለሁ። «ቶሎ አይሠራም» አለችኝ ጄሮቲች፤ «አራት፣ ምናልባትም ስድስት ሳምንት ጠብቂ። መጀመሪያ ያቅለሸልሽሽ ይሆናል። የከፋሽ ከመሰለሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ፤ ሲሻልሽም በራስሽ አታቁሚው።» ክኒኑም ብቻውን ሁሉን አይሠራምና፣ በየማለዳው እንድራመድ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተኝቼ በተመሳሳይ ሰዓት እንድነሣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የጀመርሁትን ቢራ እንድተው፣ ከሰውም እንዳልሸሽ አዘዘችኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ሆዴን አገለባበጠው፤ በሦስተኛው ምንም የለም ብዬ ልጥለው ነበር።

እንዳልጥለው ያደረገችኝ ጎረቤቴ ታፕቱዌይ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሻይ የለቀመች። ማለዳ በሬን አንኳኩታ «ጫማሽን አድርጊ፣ ሌላው ራሱ ይከተላል» ትለኛለች። ክቡርነትዎ በስብሰባው ላይ «እስኪ ሻይ ለቃሚዎቹን እዩ፤ ማን ድባቴ ያዘኝ ሲል ሰማችሁ?» ብለው ነበር። ይህንኑ ስንራመድ ብነግራት «እናቴ የሞተች ጊዜ እኔም ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበርሁ። ማን ጠይቆኝ ልናገር?» አለችኝ። መልሱን አድርሻለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት የበቆሎ ገንፎው ኡጋሊ በምላሴ ላይ ጣዕም ሰጠ፤ ጨምሩልኝ አልሁ። በሰባተኛው ሳምንት ክፍልፋይ አስተምሬ፣ ደወሉ ተደውሎ፣ ሕፃናቱ ወጥተው ሳበቃ ወንበሩን አለመስማቴን አወቅሁ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ብጠብቅ የለም። ተንበርክኬ አለቀስሁ፤ መዳኔ ወንድሜን ዳግመኛ መቅበር መስሎኝ። ጄሮቲች «ያኛው በሽታ ነበር፤ ይሄ ኀዘን ነው። ኀዘንሽን የሚወስድብሽ የለም» አለችኝ። ዛሬም ብዙ ቀን ከዚያ ግድግዳ አጠገብ ሳልፍ እግሬ ይዘገያል።

ያዛወሩኝ በዚያው ሳምንት ነው። ስታመም ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ሰባት ወር አቆሙኝ፤ ስድን አወረዱኝ። በዚህ ጥበብ የተገረምሁ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አንዲት ተማሪዬ «መምህርት፣ አሁን እኮ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ጀምረው ነበር» ብላኛለች። የጤና መኮንኗን ደብዳቤ አያይዤ፣ ወደ ክፍሌ እንዲመልሱኝ እጠይቃለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣ ምክርዎ ሳይደርስባት በሕክምና የተረፈች፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ይህን ደብዳቤ የማያስታውሱበት ረጅም ዕድሜ የምትመኝ፣

መምህርት ቼላንጋት

ማስታወሻ፦ የዝውውር ደብዳቤውን ይዞልኝ የመጣው የቢሮዎ ጸሐፊ ነበር። አስፈርሞኝ ከሄደ በኋላ ከበር ተመልሶ ተቀመጠና፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «መድኃኒቱ እስኪሠራ ስንት ሳምንት ይፈጃል?» አለኝ። ይህን እንድጽፍ ራሱ ፈቅዶልኛል። ሐሙስ ጠዋት ከታፕቱዌይ ጋር ሆነን ጤና ጣቢያ እናደርሰዋለን፤ ስለዚህ ቢሮ አይገባም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጽፉለት ቢያስቡ፣ በዚያ ቀን የሚተይብልዎ ሰው እንደማይኖር በትሕትና አሳስባለሁ።